ሲግናሉ ሙሉ፣ ታብሌቱ ዝም፦ በገልባጭ መኪኖች መንገድ ላይ የተዘረጋ ቅብብሎሽ

ከድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ እስከ ክሬሸሩ (የድንጋይ መፍጫው) ያለው የገልባጭ መኪኖች መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፋይበሩ ክሬሸሩ ጋ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግንኙነት ገመድ አልባ ቅብብሎሽ ነው፤ ዋና ጣቢያው ክሬሸሩ ጋ ሲሆን ሦስት ሪሌዮች (ሲግናሉን ተቀብለው የሚያስተላልፉ ሬዲዮዎች) በየ800 ሜትሩ ተጎታች ላይ ቆመዋል። እያንዳንዱ መኪና ጣሪያው ላይ ሬዲዮ፣ ሾፌሩ ፊት ደግሞ ከሬዲዮው በኬብል የተያያዘ ታብሌት አለው። የትኛው ኤክስካቫተር ጋ ሄዶ እንደሚጭን ሾፌሩ የሚያውቀው ከማዕከል ወደዚህ ታብሌት በሚመጣ ትእዛዝ ነው።

አቤቱታው አጭር ነበር፦ ታብሌቱ ይቆማል። አንዳንዴ 4 ወይም 5 ሰከንድ፣ አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ። በቆመበት ሰዓት የሲግናሉ ምልክት ሲታይ ግን ሙሉ ነው፤ -58 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)።

የመጀመሪያው እርምጃ እንደተለመደው የሪሌዮቹን ኃይል መጨመር ሆነ። ባሰው። ግንኙነት የሁለት ወገን ነው፤ ሪሌዩ ቢጮህ የመኪናው ሬዲዮ ድምፅ አይጨምርም። መኪናው የአሮጌውን ሪሌይ ድምፅ ከሩቅ እየሰማ አልለቅም ይላል፤ ሪሌዩ ግን እሱን በቅጡ አይሰማውም። ቀጥሎ አራተኛ ሪሌይ ተጨመረ። መንገዱ ላይ ሦስት የነበሩት የመቆሚያ ቦታዎች አራት ሆኑ። ጉዳዩን የገለጠው ይሄ ነው፤ ጉድለቱ ሽፋን ቢሆን ኖሮ ሪሌይ ሲጨመር ይቀንስ ነበር እንጂ አይበዛም። የሚቆመው ሲግናል በደከመበት ሳይሆን መኪናው ከአንዱ ሪሌይ ወደ ሌላው በተሻገረበት ቦታ ነው።

ጥርጣሬው በፍጥነት መቀነስ ላይም አርፎ ነበር። ሪሌዮቹ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ቻናል ብቻ ስለነበራቸው እያንዳንዱ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) በየቅብብሉ አየሩን እንደገና ይይዛል፤ ዋናው ጣቢያ ጋ 60 ሜጋቢት በሰከንድ የነበረው ከአንድ ሪሌይ በኋላ ወደ 30፣ ከሁለት በኋላ ወደ 20፣ ከሦስት በኋላ ወደ 15 ይወርዳል። ለካሜራ ምስል ቢሆን አሳሳቢ ነበር። አንድ መኪና ግን ከ1 ሜጋቢት በታች ነው የሚፈልገው።

መልሱ የተገኘው ከማዕከል ሁለት ፒንግ («አለህ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ አጭር መልእክት) ጎን ለጎን በመላክ ነው፤ አንዱ ወደ መኪናው ሬዲዮ፣ ሌላው ከሬዲዮው ጀርባ ወዳለው ታብሌት፣ ሁለቱም በ0.1 ሰከንድ ልዩነት። ፒንጉ በ0.1 ሰከንድ ከሆነ የጠፉትን ፓኬቶች ቆጥሮ ለ10 ማካፈል የክፍተቱን ርዝመት በሰከንድ ይሰጣል። የመኪናውና የማዕከሉ ሰዓት አስቀድሞ አንድ መደረግ አለበት፤ አለዚያ የሁለቱን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ማስተያየት አይቻልም። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ሬዲዮው ከ3 ሰከንድ በታች ተመልሶ ይመልሳል፤ ታብሌቱ ግን ዝም እንዳለ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለሙያው ሬዲዮውን ብቻ እየፈተነ «ኔትወርኩ ደህና ነው» ሲል፣ ሾፌሩም «ቆሟል» ሲል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መኪናው አዲስ ሪሌይ ላይ ሲገናኝ፣ ሪሌዩ በሬዲዮው ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ስም አንድ የማሳወቂያ ፍሬም (አጭር መልእክት) ወደ ኔትወርኩ ይልካል፤ በመንገዱ ያሉ ስዊቾችና ብሪጆች (መረጃን በማክ አድራሻ እየለዩ የሚያሳልፉ መሣሪያዎች) የትኛው መሣሪያ በየት በኩል እንዳለ የሚይዙበትን ሠንጠረዥ ያርማሉ። ነገር ግን ይህ ለሬዲዮው ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው የታብሌቱ ማክ አድራሻ በዋናው ጣቢያ ሠንጠረዥ ላይ አሁንም በአሮጌው ሪሌይ በኩል እንዳለ ተመዝግቧል። በብዙ ብሪጆች ላይ እንዲህ ያለው መዝገብ የሚቆየው 300 ሰከንድ ነው። የሚታረመው ታብሌቱ ራሱ አንድ ነገር ሲልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቦታውን የሚልከው በየ30 ሰከንዱ። ሽግግሩ ከመላኪያው ጥቂት ቀደም ብሎ ከሆነ መቆሙ አጭር ነው፤ ልክ ከተላከ በኋላ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ። የርዝመቱ መለያየት ምሥጢር ይሄው ነው።

በዚህ ላይ ቲሲፒ (መረጃ መድረሱን የሚያረጋግጠው የመላላኪያ ደንብ) የራሱን ይጨምራል። መልስ ሲያጣ እንደገና ለመላክ የሚጠብቀውን ጊዜ በየጊዜው እጥፍ ያደርጋል። በሊኑክስ ላይ በ0.2 ሰከንድ ቢጀምር ሙከራዎቹ በ0.6፣ በ1.4፣ በ3፣ በ6.2፣ በ12.6 ሰከንድ ላይ ይውላሉ። መንገዱ በ6.5 ሰከንድ ቢከፈት እንኳ ከማዕከል የተላከው ትእዛዝ እስከ 12.6 ሊጠብቅ ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሬዲዮው ከአዲስ ሪሌይ ጋር በተገናኘ ቅጽበት ከጀርባው ላሉት መሣሪያዎች ማስታወቂያ ኤአርፒ (አድራሻቸው የት እንዳለ የሚናገር መልእክት) እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ፋየርዌሩ (የሬዲዮው የውስጥ ሶፍትዌር) ካልፈቀደ ታብሌቱ በየሰከንዱ ወደ ማዕከል ፒንግ ይላክ፤ ይህ በአንድ አቅጣጫ ከ1 ኪሎቢት በሰከንድ አይበልጥም። ሬዲዮውን ከብሪጅ ወደ ራውተር መቀየርም ይሠራል፤ ኔትወርኩ የሚያየው የሬዲዮውን ማክ አድራሻ ብቻ ይሆናልና፤ ያኔ ግን ማዕከሉ ራሱ ወደ ታብሌቱ እንዲደርስ ፖርት መክፈት ወይም የአድራሻ መንገድ መጻፍ ግድ ነው። የመዝገቡን የ300 ሰከንድ ቆይታ ወደ 5 ሰከንድ ዝቅ ማድረግን የሚመክሩ አሉ። አይመከርም፤ አድራሻው የተረሳ መሣሪያ ፓኬት በሁሉም ሪሌዮች ላይ ይረጫል፤ በቅብብሎሽ ላይ ደግሞ ውዱ ነገር የአየር ጊዜ ነው።

የቀረችው 3 ሰከንድ ገደማ የፍለጋ ነች። የመኪናው ሬዲዮ በ5 ጊጋኸርዝ ከ20 የሚበልጡ ቻናሎችን ሁሉ ይፈትሽ ነበር። ከራዳር ጋር የሚጋሩ ቻናሎች ላይ ሬዲዮው መጀመሪያ መጥራት ስለማይፈቀድለት የሪሌዩን ቢከን («እዚህ አለሁ» የሚል ተደጋጋሚ ምልክት) ይጠብቃል፤ ቢከን ደግሞ በተለመደው ቅንብር በየ102.4 ሚሊሰከንድ ነው የሚመጣው። ሲደመር ከ2 ሰከንድ በላይ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል።

ስለዚህ በሪሌዮቹ ላይ ሬዲዮ ተጨምሮ ሥራው ተከፈለ፤ ለመኪናዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ለሪሌዮቹ እርስ በርስ 5 ጊጋኸርዝ። መኪናው የሚፈትሻቸው ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሆኑ፤ በመንገዱ ላይ 1፣ 6፣ 11፣ 1፣ 6 እያሉ ይደጋገማሉ። ሪሌይ የሚቀየረው ሲግናሉ ወደ -68 ዲቢኤም ሲወርድና አዲሱ ሪሌይ ቢያንስ በ6 ዲሲቤል ሲበልጥ ተብሎ ተወሰነ፤ ይህ ልዩነት ካልተቀመጠ መኪናው መሐል ላይ ሲደርስ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። በአንድ ተጎታች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዩት ሁለቱ የ5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮዎች በቻናል 36 እና በቻናል 149 ተራርቀዋል፤ ቢቀራረቡ አንዱ ሲናገር ሌላው ይደነቁራል። ለሪሌዮቹ ከራዳር ጋር የሚጋራ ቻናል አልተሰጠም፤ ራዳር ከተሰማ ቻናሉን መልቀቅ፣ አዲሱም እንደዚያው ከሆነ ከመናገር በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ ግዴታ ስለሆነ።

ምሰሶውም ከፍ ማለት ነበረበት። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለ800 ሜትር ርቀት የመጀመሪያው ፍሬኔል ቀጠና (በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ሞገዱ የሚያልፍበት የተነፋ ቅርጽ) መሐሉ ላይ 3.2 ሜትር ያህል ራዲየስ አለው፤ ከዚህ 60 በመቶው፣ ወደ 2 ሜትር፣ ነፃ መሆን አለበት። ቁመቱ 5 ሜትር የሆነ ገልባጭ ከሥሩ የሚያልፍ ከሆነ 6 ሜትር ምሰሶ አይበቃም፤ ቢያንስ 7 ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ጋ ያለው መታጠፊያ። እዚያ ሲግናሉ ቀስ እያለ አይወርድም፤ አለቱ ሲጋርደው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ 20 ዲሲቤል ይጠፋል፤ -68ን የሚጠብቅ ሬዲዮ ለውሳኔ ጊዜ የለውም። ቅንብር አያድነውም። ተጎታቹ ከመታጠፊያው በፊት ከነበረበት ተነሥቶ የመንገዱን ሁለቱንም ክንድ ወደሚያይበት ወደ ውጭኛው ጥግ ሄደ፤ ሽግግሩም ከጥግ ወጥቶ ቀጥታው መንገድ ላይ እንዲሆን ተደረገ። የመጨረሻው ልኬት የታብሌቱን ክፍተት ከግማሽ ሰከንድ በታች አሳየ። ቁፋሮው በገፋ ቁጥር ተጎታቹም ይንቀሳቀሳልና፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለቱ ፒንጎች ባዶም ጭነትም ባለው መኪና ይደገማሉ፤ የተጫነ መኪና ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ባዶው የሚያሳየውን ክፍተት ይደብቃል።