በሩ አይቆለፍም

ሰደድ እሳቱ ከኮረብታው ማዶ ነው። ነበልባሉ ለእኛ ሰፈር ገና አይታይም። ጭሱ ግን ከቀትር ጀምሮ ሰማዩን ይዞታል። ፀሐይዋ ቀልታ፣ ዓይን ሳትወጋ ትታያለች። መኪናው ላይ አመድ እየወረደ ነው። አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። የቅጠል ቅርፁን እንደያዘ ነው፤ ጅማቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። በጣቴ ስነካው ብን ብሎ ጠፋ።

ስልካችን ላይ የመጣው መልእክት «ተዘጋጁ» ይላል። «ውጡ» ገና አላለም። ሰውን የሚያደክመው ይሄ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። እሳቱ ቢመጣ ይሮጣል፤ ባይመጣ ይተኛል። አሁን ግን መሮጥም መተኛትም የለም። እጅ ሥራ ካልያዘ ጭንቀት ይገላል። እኔም ሥራው ጋብ ባለ ቁጥር ይሄን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግነው መኪናውን ማዞር ነው። ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ቆሟል። ነዳጁ ሙሉ ነው። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ የእሳት ፍንጣሪ ገብቶ ወንበሩ ላይ ካረፈ ማምለጫችን ራሱ ይቃጠላል። ሁለት መኪና አለን፤ የምንወጣው ግን በአንዱ ነው። ባለቤቴ ይሄ አልተዋጠለትም። «ሁለቱንም ብናተርፍ ምናለበት?» አለኝ። ሰፈርተኛው ሁሉ ሁለት ሁለት መኪና ይዞ ከወጣ ያ ጠባብ መንገድ ማንንም አያሳልፍም። በጭስ መሃል መጠፋፋትም አለ። ሲያስበው ቆየና ከሁለተኛው መኪና ላይ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ መጣ።

ሻንጣው ቀላል ነበር። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤቱ ውል፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የልጄ ኢንሄለር፣ መነጽር፣ ቻርጀር፣ ውሃ። ሰው እንዲህ ባለ ቀን የሚጨነቀው ምን ልያዝ በሚለው ይመስለኝ ነበር። ሳናስበው አለቀ። ልብስ ላይ ብቻ ትንሽ ተከራከርን። ልጄ የስፖርት ልብሷን ለብሳ መጣች። አስቀየርኳት። እንዲህ ያለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሙቀት ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እጅጌው ረጅም የሆነ ጥጥ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ድፍን ጫማ። «በዚህ ሙቀት?» አለች። አዎ፣ በዚህ ሙቀት።

ከዚያ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ለኢንሹራንስ ነው። እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁም ሣጥኑን፣ መሳቢያውን ሁሉ እየከፈቱ መቅረጽ ነው፤ በኋላ ምን ምን ነበራችሁ ሲባል ትዝ የሚለው ሰው የለም። እኔም እየዞርኩ በድምፅ እናገራለሁ፤ «ይሄ ሳሎኑ ነው፣ ሶፋው ይሄውላችሁ፣ ይሄ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ነው።» ልጄ ከኋላዬ ትስቃለች። «እማዬ፣ ደላላ መሰልሽ እኮ!» እውነቷን ነው። ቤቱን ልሸጠው የማስጎበኝ ነው የምመስለው። ሳልፈልግ እኔም ሳቅሁ። ቪዲዮው ላይ ሳቃችን አለ። ኢንሹራንሶቹ ይስሙት፣ ምን ይደረግ።

ከሁሉ ረጅሙ ሥራ የቤቱ ነው።

ብዙ ሰው እሳቱ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጥቶ ቤቱን የሚውጠው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ቀድሞ የሚደርሰው ፍንጣሪው ነው። ነፋስ ፍሙን አንስቶ ኪሎ ሜትር አሻግሮ ይጥለዋል። ፍሙ አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ወይም በጣሪያው የአየር ቀዳዳ ይገባል፤ ወይም በር ላይ ያለውን የእግር መጥረጊያ ይይዛል። ጃክ ኮኸን የሚባል የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረ ሰው ይሄን ነገር ለዓመታት አጥንቷል። ቤት መቃጠሉንና መትረፉን በአብዛኛው የሚወስነው የጫካው ነበልባል ግዝፈት አይደለም ይላል። ቤቱ ራሱና በዙሪያው ወደ 30 ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ያለው ነገር ነው። ጫካው ላይ ምንም ማድረግ አልችልም። የእግር መጥረጊያውን ግን ማንሳት እችላለሁ።

አነሳሁት። ባለቤቴ ከሰዓት በፊት፣ ሰማዩ ገና ጥሩ እያለ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አሸንዳውን ጠርጎ ነበር። አሁን የአየር ቀዳዳዎቹን በኮምፔንሳቶ ደፈናቸው። እኔና ልጄ ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ሁሉ አራቅን። የፕላስቲክ ወንበር፣ መጥረጊያ፣ የካርቶን ክምር፣ የደረቀ የአበባ ማሰሮ። የጋዝ ሲሊንደሩን ከቤቱ አርቀን አስቀመጥን። ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር ባይኖር ነው የሚመከረው። የእኛን ስናይ ለካ ቤታችንን በማገዶ ከበን ነው የኖርነው። ውስጥ ደግሞ የጨርቅ መጋረጃዎቹን አውርደን ሶፋውን ከመስኮት አርቀን መሃል ላይ አደረግነው። መስታወት ሳይሰበርም የውጭው ሙቀት አልፎ ጨርቅ ሊያቀጣጥል ይችላል።

ጫካ የሌለበት ሰፈር ምን አስፈራው የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሱፒሪየርና ሉዊቪል በሚባሉ ከተሞች፣ ልክ እንደኛ ባለ የመኖሪያ ሰፈር የሆነውን ያየ እንዲህ አይልም። ጫካ አልነበረም የነደደው፤ ሣር ነው። በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚነፍስ ነፋስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ከ1000 በላይ ቤቶች ወደሙ። ቤት ራሱ ማገዶ ሆኖ ቀጣዩን ቤት አቃጠለ። በማግስቱ በረዶ ወረደ። አንድ ቀን ቀድሞ ቢወርድ ምን ነበረበት እያልኩ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ አገሬም ቤቴም አይደለም እኮ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ስንወጣ በሩን አንቆልፍም። መዝጋት እንዘጋዋለን፤ መስኮቱም፣ የውስጥ በሮቹም ሁሉ ይዘጋሉ። ቁልፍ ግን የለም። መብራቱንም አናጠፋም፤ የውስጡም የውጩም ይበራል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጭስ መሃል ቤቱን እንዲያዩት ነው። መግባት ካስፈለጋቸው በር ሲሰብሩ ጊዜ እንዳያጠፉ ነው። መሰላል በሚታይ ቦታ ከግድግዳው ጋር ይደገፋል። የውሃው ጎማ ቧንቧው ላይ እንደተገጠመ ይቀራል። ባልዲ በውሃ ሞልቶ ይቀመጣል።

ይሄን ለእናቴ ማስረዳት ነበረብኝ።

«ምን ነካሽ? ቤት ከፍቶ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ሌባ ቢገባስ?»

«የሚመጣው እሳት አደጋ ነው እማዬ፣ ሌባ አይደለም።»

«ሌባም ይሄን ያውቃል።»

መልስ አልነበረኝም። ሌባም ያውቃል። ግን ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ትንሽ አሰበችና ተነሳች። መጥረጊያ ይዛ ሳሎኑን መጥረግ ጀመረች። ምን እያደረገች እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ሰው ይገባል አላልሽም?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሁሉ ስትወጣ በር ቆልፋ፣ ተመልሳ ገፋ ገፋ አድርጋ የምታረጋግጥ ሴት ናት። አሁን ለማታውቃቸው ሰዎች ቤት ታሰናዳለች። ተውኳት። ከዚያ ሁሉ መመሪያ ይልቅ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። ለእኛ የሚሆነው አንድ ሻንጣ ነው፤ እሱ ቀድሞ መኪናው ላይ ተጭኗል።

ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ጣሪያቸው ላይ ውሃ እየረጩ ነው። ጎማውን እንደከፈቱት ጥለው ሊሄዱ አስበዋል። ሄጄ እንዲዘጉት ለመንኳቸው። ያስከፋል፤ ሰው ቤቱን ሊያድን ሲሞክር ተው ማለት ደስ አይልም። ግን የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ በአንዴ ከተከፈተ ግፊቱ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ የሚባለው ሰፈር ሲነድ፣ ከፍታ ላይ ያሉ አንዳንድ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧዎች ውሃ አጥተው ነበር። የከተማ የውሃ መስመር የሚሠራው አንድ ሁለት ቤት ቢቃጠል ተብሎ ነው፤ ሰፈር በሙሉ ሲነድ አይችለውም። ሰውየው ፊቱን ቋጠር አደረገ። ከዚያ ዘጋው።

የጋራዡን በር መልመድም ነበረብን። መብራት ከጠፋ በሞተር አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያ በተነሳው እሳት ጊዜ መብራት ጠፍቶ የጋራዥ በር አልከፈት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ግዛቲቱ በኋላ አዲስ የጋራዥ በር መክፈቻ ሁሉ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲኖረው በሕግ አስገደደች። የእኛ አሮጌ ነው። ቀይ ገመድ ከላይ ተንጠልጥሎለታል፤ እሱን ስቦ በሩን በእጅ ማንሳት ነው። ልጄ እንድትስበው አደረግሁ። ሳበችው፤ ቀጭ አለ። ማንሳቱ ግን ለብቻዋ አልሆነላትም። ለሁለት አነሳነው። መኪናው አሁን ውጭ ስለሆነ ላያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም ማወቋ ደስ አለኝ።

ድመቷን ቀን በጊዜ መታጠቢያ ቤት ዘግተንባታል። ድመት ሲደነግጥ አልጋ ሥር ይገባል፤ ያኔ ማን ያወጣዋል?

ሲመሽ ከአጠገባችን ብቻቸውን ወደሚኖሩት ሽማግሌ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጭሱን ያያሉ። ሻንጣ የለ፣ ምን የለ።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ስንት እሳት አይቻለሁ። ያንን ኮረብታ ተሻግሮ አያውቅም» አሉኝ።

ኮረብታው እንደሚጠብቀን ብዙ ሰው ያምናል። እሳት ግን ዳገት ይወዳል። ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣር እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ ይፈጥናል፤ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነፋሱ ፍሙን ወደ እኛ ይበትነዋል። ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። እንዳልሰማ አለፉኝ።

እኔ ደግሞ በሆዴ ፓራዳይዝ የምትባለውን፣ በእሳት የነደደችውን ከተማ እያሰብኩ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ካሊፎርኒያ። ከከተማዋ የሚያስወጡት መንገዶች ጥቂት ነበሩ፤ መኪና በመኪና ሆኑ። 85 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካናዳ ውስጥ ፎርት ማክመሪ ከሚባል ከተማ በእሳት ምክንያት ወደ 88,000 ሰው ሲወጣ ዋናው መንገድ አንድ አውራ ጎዳና ነበር፤ እሳቱ ራሱ የገደለው ሰው ግን አልነበረም። አውስትራሊያም ቀድሞ «ወይ በጊዜ ውጡ፣ ወይ ተዘጋጅታችሁ ቤታችሁን ጠብቁ» ትል ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2009 በአንድ ቀን እሳት 173 ሰው ካለቀ በኋላ ግን አስቀድሞ መውጣቱ ይበልጣል ወደሚለው አዘነበለች። ይሄን ለእሳቸው አልተናገርኩም። ሽማግሌ በሬሳ ቁጥር አይለመንም።

ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። «ትእዛዙ ሌሊት ቢመጣ ይነዳሉ?»

ዝም አሉ። ዓይናቸው ለማታ እንደማይሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እንግዲያው እባክዎ አብረውን ይምጡ። እናቴ ከኋላ ብቻዋን ከተቀመጠች ትጨነቅብኛለች። የሚያጫውታት ሰው እፈልጋለሁ።»

«እሱማ... እሷን ለማጫወት ከሆነ» አሉና ተነሱ።

ቤት ተመልሼ ከባለቤቴ ጋር ወሰንን። «ውጡ» እስኪባል አንጠብቅም። ቀስ የሚሉ ሰዎች ይዘናል፤ አስም ያለባት ልጅ አለች። ትእዛዙ ሲመጣ መንገዱ በሰው ይሞላል። የስልክ አንቴናውም ቀድሞ ከነደደ መልእክቱ ጭራሽ ላይደርሰን ይችላል። ባይመጣ ነገ ተመልሰን መጋረጃ መስቀል ነው። ይሳቅብን።

የቀረኝ በቧንቧ የሚገባው የቤቱ ጋዝ ነው። አንዴ ከቆጣሪው ከዘጋሁት ራሴ አልከፍተውም፤ ባለሙያ መጥቶ ፈትሾ ነው የሚከፍተው። ለዚህ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው። ድመቷ ሣጥኗ ውስጥ ገብታ ትጮኻለች። እናቴ መጥረጊያውን አስቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነው።

ስልክ ተደወለ። ሽማግሌው ናቸው።

«በሩን ሳልቆልፍ፣ መብራቱን አብርቼ፣ ቦርሳዬን ይዤ እናንተ በር ላይ ቆሜያለሁ። ምንድን ነው የምትጠብቁት?»