ድንጋዩን ከቦታው አታንሱት

ጣና ዳር ቅሪተ አካል ለምትፈልጉ ይህን እጽፋለሁ፤ ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ። ጢስ ዓባይ የሚወርድበት ገደልም እሱው ነው። እዚያ ውስጥ አጥንት አትጠብቁ። አሳሳች ነገር ግን ሞልቶታል። ቅልጡ ሲረጋ ጋዙ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ኋላ ካልሳይት፣ ዚዮላይት ወይም አጌት የሚባል ማዕድን ገብቶ ይሞላዋል። ነጭ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ ሲሰበር ጥርስ ይመስላል። ሰው በኪሱ ይዞ ሲመጣ መልኩን አልጠይቅም። «ከምን ውስጥ ወጣ?» ነው የምለው።

ደለል ተነባብሮ ከጠነከረበት ቦታ ከወጣ ተስፋ አለው። ከጎንደር በስተምዕራብ ያለው ጭልጋ እንዲህ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል በቀረው ደለል ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት ዝሆን ዘመዶች ተገኝተውበታል። ቅጠልና ግንድም አለው።

ቀጥሎ ስብራቱን በማጉያ መነጽር እዩ። አጥንት ከሆነ ውስጡ የጥቃቅን ቀዳዳ መረብ ነው። ምላስ ላይ አስነኩት የሚሉ አሉ፤ ሸክላ አፈርም ምላስ ላይ ይለጠፋል፣ ተዉት።

እስከዚህ ቀላል ነው። እኔን ያበገነኝ ቢሮ ነው።

ጭልጋ አካባቢ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸው ዳር ያለ ግንድ አሳዩኝ። ድንጋይ ሆኗል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ቁመቱን ተከትለው ይወርዳሉ። ጫፉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ዛፉ ውሃ ያመላለሰባቸው ቧንቧዎች ናቸው። እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳሁ፣ ቦታውን ስልኬ ላይ ያዝኩ፣ ግንዱን አልነካሁትም።

ባሕር ዳር ተመልሼ ግንዱን ላስመዘግብ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛው ፎቶውን በቅጡ ሳያይ «ናሙናው የታለ?» አለኝ። ከቦታው መነሳት የለበትም ስለው «ናሙና ከሌለ አንመዘግብም» አለ። ሌላ ክፍል ላከኝ። እዚያ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ። በመጨረሻ የገበሬውን ስልክ ተቀበሉኝ። ባለሙያ የሚልኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ደውለው «ይዘውት ይምጡ» ብለዋቸዋል! እሳቸው ምን ያድርጉ? መንግሥት አዘዘ። በዶማ ነቅለው በማዳበሪያ ከረጢት ላኩት። ሲደርስ ተሰባብሯል።

ሠራተኛው አንዱን ስባሪ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ አሲድ ጠብ አደረገበት። አረፋ የለም። «አዩት? ተራ ድንጋይ ነው» አለ።

እስካሁን ያንገበግበኛል። አሲድ የሚፈላው የኖራ ድንጋይን በመሰለ ካርቦኔት ላይ ነው። ባዛልት ውስጥ ያለው ካልሳይትም ይፈላል፤ ቅሪተ አካል ግን አይደለም። ያ ግንድ ሲሊካ፣ ማለትም ባልጩት የተሠራበት ማዕድን፣ ሆኗል፤ ሲሊካ አይፈላም። ይህን ባስረዳው «አሠራራችን ነው» ብሎ ስባሪዎቹን ወደ ከረጢቱ መለሳቸው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። አምጡ ቢሏችሁ አታምጡ። ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። የገበሬ ስልክ አትስጡ፤ ባለሙያው ሲመጣ ራሳችሁ ምሩት። ፎቶውን ለሥነ ምድር መምህራንም አሳዩ።

አዛውንቱ በቀደም ደውለው ጉድጓዱን ልድፈነው ወይ አሉኝ። አይድፈኑት አልኳቸው። ከሥሩ ያለውን ደለል ገና ማንም አላየውም።