አፕዴቱ ወጥቷል፤ ማን ሰማ?

አንዲት ትንሽ የባክአፕ ፕሮግራም ሠርቼ ኦፕን ሶርስ (ኮዷ ለማንም ክፍት) ካደረግኋት ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። በኮማንድ ላይን (ትእዛዝ በጽሑፍ እየተሰጣት) የምትሠራ፣ ፎልደር ጠቅልላ ሌላ ዲስክ ላይ የምታስቀምጥ ናት። ኮዱን መጻፍ ለምጄዋለሁ። ያስተካከልኩትን ነገር ለሚጠቀሙባት ሰዎች ማሰማት ግን ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ የገባኝ ገና ዘንድሮ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ባግ (የኮድ ስህተት) ነው። ባክአፑ የሚቀመጥበት ዲስክ ሲሞላ ፕሮግራሟ መሀል ላይ ታቆማለች፤ ግን «ተጠናቋል» ብላ ትወጣለች። ባጉን ባገኘሁበት ሌሊት አስተካክዬ አዲስ ቨርዥን ለቀቅሁ። ቼንጅሎጉ (የለውጦቹ ዝርዝር) ላይ «የስህተት አያያዝ ተሻሽሏል» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ተጠቃሚ ኢሜይል ላከችልኝ። ላፕቶፗ ተበላሽቶ ባክአፑን ስትመልስ የመጨረሻዎቹ ፎልደሮች የሉም። የምትጠቀመው የትኛውን ቨርዥን እንደሆነ ጠየቅኳት። አሮጌውን ነው። «አዲስ መውጣቱንማ አይቼ ነበር፤ የሚያስቸኩል ነገር ግን አልመሰለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ በጻፍኩት ውስጥ የሚያስቸኩል አንድም ቃል አልነበረም። በጣም ነው ያዘንኩት። መፍትሔው እኮ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የተማርኩት አጻጻፉን ነው። ያንኑ ማስታወቂያ ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እላለሁ፦

«ከ1.4 እስከ 1.6 ያለውን የምትጠቀሙ ሁሉ፦ ዲስካችሁ ሞልቶ ከነበረ ባክአፓችሁ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን ተጠናቋል ብሏችኋል። ዛሬውኑ 1.6.1ን ጫኑ። ከዚያ የድሮ ባክአፖቻችሁን አንድ በአንድ ፈትሹ። አፕዴቱ ጎዶሎ የሆነውን አይሞላም።»

ማንን እንደሚመለከት፣ ምን እንደሚደርስበት፣ ምን ማድረግ እንዳለበት። ቴክኒካዊ ዝርዝሩ ከዚያ በታች ይምጣ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያገኘኋት የኸርትብሊድን ታሪክ ሳነብ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥር ላይብረሪ ነው፤ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ኸርትብሊድ የተባለው የደህንነት ክፍተቱ ይፋ ሲሆን ማስተካከያው በ1.0.1ጂ አብሮ ወጥቷል። መጫኑ ብቻ ግን አይበቃም ነበር። እየሠሩ የነበሩ ሰርቪሶች አሮጌውን ላይብረሪ ሜሞሪ ውስጥ እንደያዙ ስለሚቀጥሉ ሪስታርት መደረግ ነበረባቸው። የምስጢር ቁልፎቹም ሾልከው ሊሆን ስለሚችል መቀየር ነበረባቸው። «አፕዴት አድርጉ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ተጋልጦ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰዎቹ የት ነው ያሉት የሚለው ነው። ኮዱን በማስቀምጥበት ሳይት፣ ጊትሃብ ላይ ኮከብ የሰጠኝ ሁሉ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። አይሰማም። ኮከብ ምልክት ማድረጊያ ነው፤ ማሳወቂያ የሚመጣው «ዎች» የሚለውን ለነካ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ «ከስተም» የሚል ምርጫ አለ፤ ሪሊዝና የደህንነት ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲመጣላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ የሌላው ሰው ውይይት ኢሜይላችሁን አያጨናንቅም። ይህን ሁለት መስመር አድርጌ ሪድሚው (የፕሮግራሟ መግለጫ ገጽ) አናት ላይ ለጠፍኩት። ፊድ ሪደር (ከየሳይቱ አዲስ ነገር የሚሰበስብ ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ ደግሞ የሪሊዝ ገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ «ነጥብ አቶም» (.atom) መጨመር ብቻ ነው።

ቀጥዬ ፕሮግራሟ ራሷ እንድትናገር ሞከርኩ። አዲስ ቨርዥን ካለ ስትነሳ አንድ መስመር ታሳያለች። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጉዳት አደረሰ። መልእክቱን የፕሮግራሟ ውጤት በሚወጣበት መስመር፣ በስታንዳርድ አውትፑት አወጣሁት፤ ውጤቷን ለሌላ ስክሪፕት የሚያስተላልፍ ሰው ያችን መስመር እንደ ፋይል ስም ተቀብሎ ሥራው ቆመበት። አሁን ለማስጠንቀቂያ በተለየው መስመር፣ በስታንዳርድ ኤረር ነው የምትወጣው፤ ያውም ፊት ለፊት ሰው ያለበት ተርሚናል ሲሆን ብቻ። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠይቅም፤ የማትፈልጉት ታጠፏታላችሁ፤ ስለ ተጠቃሚው ምንም አትልክም። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ ነው የያዝኩት። ሰው ሳይጠየቅ ስለ እሱ መረጃ የሚልክ ፕሮግራም አመኔታ ያጣል፤ አመኔታ ካጣ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ማን ይሰማዋል?

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ሌላ ነው። ከተጠቃሚዎቼ ብዙዎቹ ፕሮግራሟን ከእኔ አያገኟትም። ከሊኑክስ ዲስትሪቢውሽናቸው (ሊኑክስን ከብዙ ፕሮግራሞች ጋር አዘጋጅቶ ከሚያቀርበው) በአፕት ወይም በሌላ ፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራም በሚጭን መሣሪያ) ነው የሚጭኗት። ከእነዚህ አንዱን፣ የዴቢያንን የተረጋጋ ቨርዥን (ስቴብልን) ውሰዱ። አዲሱን ቨርዥን አያመጣም፤ ማስተካከያውን ብቻ ለይቶ አሮጌው ላይ ይለጥፋል። ኸርትብሊድ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሁሉም «1.0.1ጂን ጫኑ» ሲል የዴቢያን ዊዚ (የያኔው ስቴብል) ተጠቃሚ የተስተካከለው ፓኬጅ ከገባለት በኋላም ስክሪኑ ላይ የሚያየው 1.0.1ኢ ነበር። ማስተካከያው ያለው ከኋላ በተቀጠለው «ዴብ7ዩ5» ውስጥ ነው። የቨርዥን ቁጥር ብቻ የሚጠቅስ ማስታወቂያ እንዲህ ያለውን ሰው በከንቱ ያስደነግጠዋል፤ ያልተስተካከለለትን ደግሞ የሌለ ፓኬጅ ፍለጋ ያሰማራዋል። ስለዚህ አሁን አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ከዲስትሪቢውሽናችሁ ከጫናችሁ ቁጥሩን ትታችሁ የፓኬጁን የደህንነት ማስታወቂያ ተመልከቱ።» ፓኬጁን ለሚያዘጋጁት ሰዎችም ከመልቀቄ በፊት እጽፍላቸዋለሁ። ለመልእክቴ ከእነሱ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ኮዴን እንደ ላይብረሪ የሚጠቀሙት ዘንድ ለመድረስ ጊትሃብ ላይ የደህንነት አድቫይዘሪ (ስለ ክፍተቱ የሚገልጽ ማስታወቂያ) መክፈት ተማርኩ። ሲቪኢ ቁጥር (የክፍተቱ ዓለም አቀፍ መለያ) መጠየቅም ከዚያው ይቻላል። አድቫይዘሪው በጊትሃብ ሰዎች ታይቶ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ሲገባ ዲፔንዳቦት የተባለው የጊትሃብ መሣሪያ በራሱ ጊዜ ያስጠነቅቃቸዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የተጎዱት ቨርዥኖች ከየት እስከ የት እንደሆኑ በትክክል መሙላት ነው። አንዷን ቁጥር ከዘለላችሁ ያችን የያዘ ሰው ምንም አይሰማም።

በመጨረሻ የጊዜ ጉዳይ አለ። ድሩፓሎች (ድሩፓል የተባለውን የዌብሳይት መሥሪያ የሚያዘጋጁት) በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ትልቅ ማስተካከያ እንደሚለቁ ከሳምንት በፊት፣ በ21ኛው ቀን ተናገሩ፤ በ28ኛው ለቀቁ። ክፍተቱ ምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ቀኑን ብቻ። ሳይት የሚያስተዳድር ሰው ጊዜውን ቀድሞ ማመቻቸት ቻለ። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ የሚገባችሁ ወደ 2014 ስትመለሱ ነው፤ ያኔ ማስተካከያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልጫነ ሳይቱ እንደተጠለፈ ይቁጠረው ብለው ነበር። እኔም ከዚህ ወዲህ አጣዳፊ ነገር ዓርብ ማታ አልለቅም።

ብዙ የጃቫ ፕሮግራሞች ክንውናቸውን የሚመዘግቡበት ላይብረሪ፣ ሎግ ፎር ጄይ ላይ የተገኘውን ክፍተት ያየ ደግሞ ሌላ ይማራል። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ማስተካከያው 2.15.0 ወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ 2.16.0፣ 2.17.0፣ 2.17.1 ተከታተሉ። የመጀመሪያውን ዜና ሰምቶ የጫነ ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ለአንድ ችግር አንድ ገጽ ብቻ ከፍቼ እዚያው ላይ አድሳለሁ፤ አናቱ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» የሚል ቀን አለ።

ያች ባክአፕ የጎደለባት ተጠቃሚ አሁን ማስታወቂያዎቼን ሳይወጡ ታነብልኛለች። ፕሮግራመር አይደለችም፤ ፕሮግራሟን የጫነላት ጓደኛዋ ነው። ያልገባትን ቃል አስምራ ትመልስልኛለች። ባለፈው ሳምንት የላክሁላት ረቂቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፎበት መጣ፦ «ይሄ እኔን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም?» የመጀመሪያውን መስመር እንደገና እየጻፍኩት ነው።