የጣና ልጅ ደምበል ላይ

ባሕር ዳር ስላደግኩ ሐይቅ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ጣና ነው። ሐዋሳ ሄጃለሁ፣ ቢሾፍቱ ሄጃለሁ፣ ላንጋኖም ዋኝቻለሁ። ሁሉም ደስ ይላሉ፣ ግን ሁሌም ከጣና ጋር እያወዳደርኩ ነው የምመለሰው። ዝዋይን፣ ማለትም ደምበልን፣ ደግሞ ከነጭራሹ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ወደ ሐዋሳ ስንወርድ ባቱ ከተማ ላይ ዓሣ እንበላለን፣ ሐይቁ በግራ በኩል ከቤቶቹ ጀርባ ብልጭ ይላል፣ መኪናው ይነሳል፣ በቃ። ይህ ለስንት ዓመት ሲከነክነኝ ኖሮ ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለእሱ ብቻ ብዬ ሄድኩ።

ከቃሊቲ በሚኒባስ 400 ብር ከፈልኩ። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እስከ መቂ ተኝቼ ነው የሄድኩት። መቂ ላይ ስነቃ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ሞልተውታል። ባቱ ስደርስ ምሳ ሰዓት ነበር።

ስለ ሌሊቱ ልናገር፣ ምክንያቱም እስካሁን አልወጣልኝም። ጥር የሰርግ ወር መሆኑን ዘንግቼ ነበር። አልጋ የያዝኩበት ቤት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ 900 ብሬን ሲቀበሉኝ ግን ማንም ምንም አላለኝም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የጀመረው ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ድረስ አልቆመም። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አጎበሩ ተቀዷል፣ የባቱ ትንኝ ደግሞ ቀዳዳውን ለማግኘት አይቸገርም። ሰርገኞቹን አልቀየምኩም፣ ደስታቸው ነው። የተቀየምኩት ብሩን ቆጥሮ ተቀብሎ ዝም ያለውን ሰውዬ ነው። አንድ ቃል ቢነግረኝ ሌላ ቤት እፈልግ ነበር። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

እሁድ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ነበርኩ። እዚያ ስደርስ ንዴቴ ሁሉ በረደ።

ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩ ጀልባዎች አንድ በአንድ እየገቡ ነው። ዳሩ ላይ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ተኮልኩለዋል፣ ፔሊካኖቹ ውሃው ላይ ይጠብቃሉ። አንድ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጣውላ ላይ ዓሣ ሲበልት ቆሜ አየሁት። ቆሮሶውን በጭንቅላቱ ይይዛል፣ ቢላውን ከጆሮው ሥር ያስገባና እስከ ጭራው በአንድ ሳብ ያወርደዋል። ይገለብጣል፣ ያንኑ ይደግማል። ከዚያ ሥጋውን ቆዳው ላይ አስተኝቶ ቢላውን በመሃል ሲያንሸራትተው ቆዳው ብቻውን ይቀራል። ለአንዱ ዓሣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። አጥንቱንና ጭንቅላቱን ወደ ኋላው ሳያይ ይወረውራል፣ አባ ኮዳ ደግሞ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ቢላዋ ከመሳሉ ብዛት አልቆ ቀጭን ሆኗል። ጣቶቹ ላይ የቆዩ ጠባሳዎች አሉ። ባሕር ዳርም ዓሣ ይበለታል፣ ግን እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ።

የሚገቡትን ዓሣዎች ስመለከት አንድ ነገር ገረመኝ። ቆሮሶ አለ፣ ግን ከእሱ እኩል አምባዛና ካርፕ አለ። ሁለቱም የደምበል ተወላጆች አይደሉም፣ በሰው እጅ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። የሐይቁ የጥንት ዓሣ ቆሮሶው ነው፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ቢልጫ። መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጬ ስለዚህ ስጠይቃቸው "ልጄ፣ ድሮ ቆሮሶው ሰሃን ይሞላ ነበር" አሉኝና መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። "አሁን ይኸውልሽ።" የመረቡ ዓይን እየጠበበ መምጣቱን ጣታቸውን እያስገቡ አሳዩኝ። የድሮው መረብ ዓይን ሦስት ጣት ያስገባል፣ አሁን ብዙ ሰው የሚጥለው ሁለት እንኳ አያስገባም። ገና ያልወለደው ዓሣ ሁሉ ይያዛል ማለት ነው። በተለይ ሁዳዴ ሲገባ አዲስ አበባ ዓሣ በጣም ስለሚፈለግ ዋጋው ይወጣል፣ ያኔ ማንም ትንሽ ትልቅ ብሎ አይመርጥም አሉ። ጣናም ላይ ይኸው ነው። በክረምት ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ አፉ ላይ መረብ ዘርግተው ይጠብቁታል። ልጅ ሆኜ ይህ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ከእነዚህ አዛውንት ጋር የተዋወቅኩት በክፉ አጋጣሚ ነው። ቱሉ ጉዶ ደሴት ልሂድ ብዬ ስጠይቅ አንድ ደላላ ደርሶ መልስ 5,000 ብር አለኝ። ተከራክሬ 4,000 ላይ ተስማማንና 1,000 ቀብድ ሰጠሁት። ጀልባው ጋ ስንደርስ "ነዳጅ ለብቻ ነው" አለ። ደሜ ፈላ። ውሃ ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ጀልባ ያለ ነዳጅ እንደማይሄድ አውቃለሁ፣ ዋጋ ሲባል ነዳጅ ውስጡ ነው። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ነው አዛውንቱ መረባቸውን አስቀምጠው "ነይ ልጄ፣ ነይ እዚህ። እንግዳ እንዲህ አይደረግም" ያሉኝ። የወንድማቸውን ልጅ ጠሩልኝ። በ2,800 ብር፣ ነዳጁን ጨምሮ፣ ሊወስደኝ ተስማማ። ቀብዴ እንደወጣ ቀረ። አዛውንቱ ግን "ቁርስ ሳትበይ ውሃ ላይ አትውጪም" ብለው በአዋዜ የተጠበሰ ዓሣ አስመጡልኝ። ለመክፈል እጄን ኪሴ ስከት ተቆጡኝ።

ውሃው ላይ ስንወጣ ቀለሙ አልተመቸኝም። ቡና በወተት ይመስላል። ለልጁ "ጣና ግን..." ብዬ ጀመርኩ፣ እሱም ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆይቶ መሃል ላይ ሞተሩን አጠፋው። መልሕቁን፣ ማለትም በገመድ የታሰረ ድንጋይ፣ ወደ ውሃው ለቀቀውና "ቁጠሪ እህቴ" አለኝ። ገመዱን በክንድ እየለካ ለቀቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ክንድ ላይ ድንጋዩ ቆመ። ዳሩ በጣም ርቆን፣ ቤቶቹ እንደ ጠጠር አንሰው፣ ከሥራችን ያለው ውሃ ከቤት ጣሪያ አይበልጥም! ድንጋዩን ሲያወጣው ግራጫ ጭቃ ተለጥፎበታል፣ በጣቴ ነካሁት፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው።

ደምበል 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ ግን 9 ሜትር ያህል ነው። አማካዩ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ። አንድ ሰው ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ቢቆም ብዙ ቦታ ላይ ጭንቅላቱ ከውሃው በላይ ነው። ለዚህ ነው ቀለሙም እንዲያ የሆነው፣ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ወለሉን ስለሚነካ ጭቃውን እያማሰለ ያወጣዋል። የኛው ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለካ ሁለቱም ገበታ ላይ የፈሰሰ ውሃ ናቸው። ከደምበል ትንሽ ወደ ደቡብ ያለው ሻላ ደግሞ ከ260 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዝናብ ሲበዛ ደምበል፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፣ ሞልቶ ሲፈስም ወደ አዋሽ ነበር የሚሄደው። ዙሪያውን የከበበውን ሜዳ እያየሁ ያ ሁሉ ውሃ ለብሶ ሳስበው ልቤ ይመታል።

ቱሉ ጉዶ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀብን። ስሙ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፣ በደምበል ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁም እሱ ነው። ሌሎቹን፣ ጸደቻን፣ ደብረ ሲናን፣ ገሊላንና ፉንዱሮን፣ ከሩቅ ነው ያየሁት።

ደሴቱ ላይ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር ዘመድ ነው፤ ከእሱ ሌላ ግን አማርኛም ኦሮምኛም ያወራሉ። ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ከፋፍለው ያርሱታል። በአፈ ታሪካቸው ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሽተው 70 ዓመት ያህል አቆይተዋታል፣ ከዚያ ወደ አክሱም መልሰዋታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜም ደሴቶቹ መሸሸጊያ ሆነዋል ይባላል። ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። እኛ ጋ ደግሞ ታቦቷ አክሱም ከመግባቷ በፊት ጣና ቂርቆስ ላይ ብዙ መቶ ዓመት ተቀምጣለች ይባላል። ሁለት ሐይቆች አንድ እንግዳ ተቀብለዋል ማለት ነው። ከጣና ወዲህ ማንም ሐይቅ ዘመድ አይመስለኝም ነበር፣ እዚያ ቦታ ግን መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኗ ማርያም ጽዮን ትባላለች። ቁልፍ የያዙት ቄስ ባቱ ሄደው ስለነበር የብራና መጻሕፍቱን አላየሁም፣ ያ ቆጭቶኛል። ግን ቅጥሩ ውስጥ ገብቼ ተሳለምኩ። ይህን የምጽፈው በምክንያት ነው። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ልጅ ሆኜ አባቴና ወንድሜ ክብራን ሲሳለሙ እኔና እናቴ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ ቅሬታም የለኝም። ግን በራሴ እግር ከጀልባ ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ የደሴት ቤተ ክርስቲያን በር ስስም ሆዴ ባባ፣ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ስወርድ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቡና እያፈሉ ነበር። "ከየት ነሽ?" አሉኝ። "ከባሕር ዳር፣ እማማ" ስላቸው ሳቁ፣ "ከውሃ ወደ ውሃ!" የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ፣ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አለቀቁኝም። እሳቸው ልጅ ሳሉ ሰው ገበያ የሚሄደው በደንገል ታንኳ ነበር፣ ነፋሱ ሳይነሳ ለመድረስ ሌሊት ይነሳሉ። ለረጅም ዘመን ዛዮች ዳር ካለው ሕዝብ ጋር በግጭት ስለኖሩ ከደሴቶቹ ብዙም አይወጡም ነበር፣ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው ወደ ዳር መውረድ የጀመሩት። ዛሬ ብዙዎቹ የሚኖሩት ዳር ላይ ነው። የእሳቸውም አምስት ልጆች ባቱና መቂ ናቸው። "ትምህርት ቤቱም ሐኪሙም እዚያ ነው፣ ምን ያድርጉ" አሉ። ስነሳ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

መመለሱ አስፈሪ ነበር። ሰባት ሰዓት ካለፈ ነፋሱ ይነሳል ብሎ ልጁ ሲያጣድፈኝ ነበር፣ እኔ ነኝ በቡና ያዘገየሁት። ጥልቀት የሌለው ውሃ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ጀልባዋን በጥፊ ይመታታል። ልብሴ ረጠበ፣ ስልኬን ጡቴ ውስጥ ደበቅኩ። ልጁ ግን አንዴም ፊቱ አልተለወጠም።

ዳሩ ሲቀርብ ያየሁትን ሳልጽፍ አላልፍም። ከውሃው አፍ ላይ የውሃ ሞተሮች ተደርድረዋል፣ ቱቦዎቻቸው ወደ ቲማቲሙና ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ የአበባ እርሻዎቹ ላስቲክ ቤቶች ያበራሉ። የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ከዚህ ይወጣል፣ አልክድም። በሸምበቆው መሃል ደግሞ ወይን ጠጅ አበባውን አየሁ። እምቦጭ። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ጀምሮ የደረሰብንን የሚያውቅ ሰው አበባው ቆንጆ ነው አይልም። ልጁን "ይህን ንቀሉት፣ ዛሬ ንቀሉት" አልኩት። ደጋግሜ አልኩት።

ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት በተቃራኒው ወደ ደቡብ በሚኒባስ ቡልቡላ ሄድኩ። ወደ ደምበል የሚገቡት መቂና ከታር ናቸው፣ የሚወጣው ግን ቡልቡላ ብቻ ነው፣ እሱም አብጃታን የሚመግበው ወንዝ ነው። እኔ ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ሲባል የማውቀው ዓባይን ነው፣ ባሕር ዳር ድልድዩ ላይ ቆመህ ወደ ታች ስታየው የሚያስፈራውን። አብጃታ ከዓመት ዓመት እየሸሸ መምጣቱን ሰምቼ ነበር፣ ዳሩ ላይ ያለው የሶዳ ፋብሪካ አንዱ ምክንያት ነው፣ ከላይ የሚቀዳው ውሃ ሌላው።

ድልድዩ ላይ ወርጄ ቁልቁል አየሁ። ቡናማ፣ ቀስ የሚል፣ ጠባብ ውሃ ነው። አንድ እረኛ ሁለት ላሞች እየነዳ መጣ። ላሞቹ እስኪጠጡ ጠበቃቸው። ከዚያ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጫማውን በእጁ ይዞ ተሻገረ፣ ወዲያ ማዶ ሲወጣ ሱሪው አልረጠበም።