በትንፋሽ የሚነገር «አዎ»

በልዩ ፍላጎት ክፍል ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ተማሪዎቼን የሰው ፊት ማንበብ የማለማምዳቸው ከውጭ አገር በመጡ የሥዕል ካርዶች ነበር። አንድ የ11 ዓመት ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም ሳይሳሳት መለየት በመቻሉ ትምህርቱ የሠመረ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን «ቲቸር፣ ልውጣ?» ሲለኝ፣ እንደ ልማዳችን ቅንድቤን ሰቀል አድርጌ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ብፈቅድለትም፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቆየና «ምን አስደነገጠዎት?» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም፤ «ድንጋጤ» በሚለው ካርድ ላይ ያለችው ሴት ቅንድቧ ተሰቅሎ አፏ ተከፍቷል፤ ያነበበው እኔው ያስተማርኩትን ነበር።

ካርዶቹን ትቼ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ባልደረቦቼን በስልኬ እየቀረጽኩ አጫጭር ቪዲዮዎች አዘጋጀሁ። የእምቢታው «ንጭ» እና ሰው ሲያዝን ከንፈሩን የሚመጥበት «እምጽ» ለጆሮ ስለሚቀራረቡ፣ ድምፁን ብቻ ከማስጠናት ይልቅ ቪዲዮውን አቁሜ «ከዚህ በፊት ምን ተባለ?» ብዬ መጠየቄ ይበልጥ ረዳቸው፤ ጥያቄ ከቀደመው መልስ ነው፣ መጥፎ ወሬ ከቀደመው ሐዘኔታ ነው።

ሌላው ስሕተቴ «ዓይኔን እያየህ ስማኝ» ማለቴ ነበር። ዓይኔን ሲያይ የምናገረው ያመልጠዋል፤ ደግሞስ ቤቱ ታላቅ ሲናገር አንገቱን እንዲደፋ የሚመከርን ልጅ፣ እኔ ዘንድ ሲመጣ አፍጥጦ እንዲያይ ማዘዝ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ራሱም ኦቲስቲክ የሆነው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን እንደሆነ ጽፏል፤ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ባልደረቦቼም ሆኑ የክፍል ጓደኞቹ ከምልክቱ ጋር «አዎ» የሚለውን ቃል እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። ይህ ከልጁ ልምምድ ባላነሰ ጠቅሟል።

ከሁሉ የከበደን በይሉኝታ የሚባለው «በቃኝ» ነው። ክፍል ውስጥ ረከቦትና ሲኒ አቅርበን፣ እንግዳው ሲኒውን በእጁ ከከደነ የምሩን እንደሆነ፣ ካልከደነ ግን አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ እንደሚገባ ደጋግመን ተለማመድን። ይህ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ብነግራቸውም፣ መነሻ የሚሆን ነገር መያዛቸው ጭንቀታቸውን ቀንሶላቸዋል። በሳምንቱ የልጁ እናት ሳቅ እያፈናቸው እንደነገሩኝ፣ ቡና ሲያድል ጎረቤታቸው «በቃኝ» ቢሉት፣ «እትዬ፣ እጅዎ እኮ ሲኒውን አልከደነም» አላቸው፤ ሴትዮዋም በረካውን ተቀብለው ጠጡ።