የሚንጨረጨረው የትኛው ፍሬት ላይ ነው?

ተሰድጄ ስወጣ ከልብሴ ሌላ የያዝኩት ባለአራት ክር ቤዝ ጊታሬን ብቻ ነበር። ለሦስት በምንጋራው ክፍል ማጉያ መክፈት አይቻልም፤ ከሌሊት ሥራ ስመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያለ ኤሌክትሪክ እለማመዳለሁ። የመጀመሪያው የበረዶ ወር ሲገባ ግን ቤዙ ይንጨረጨር ጀመር። ወፍራሙን ክር በነካሁ ቁጥር ክሩ ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱን፣ እየመታ ዝዝዝ ይላል።

ክሩ ዝቅ ብሎ ነው ብዬ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚያርፉበት ብረት፣ ላይ ያሉትን ብሎኖች እያዞርኩ ከፍ አደረግሁት። ድምፁ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ይባስ ብሎ ከላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ክሩን ለመጫን መታገል ሆነ። ጣቶቼ ይዝሉ ነበር። ከሥራው ድካም የተነሳ እጄ የከዳኝ መስሎኝ ለሁለት ወር ያህል ከቦርሳው አላወጣሁትም። ያ ሁለት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ አብሬያቸው የምጫወት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ቤዝ ተጫዋች ቤዙን ተቀብለው ከጫፉ ወደ አንገቱ አሻግረው ተመለከቱ። «የሚንጨረጨረው የትኛው ፍሬት ላይ ነው?» አሉኝ። ከ1ኛው እስከ 5ኛው መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ብሪጁን ለምን ነካካኸው ልጄ? ችግሩ አንገቱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሞቂያ ቀንና ሌሊት በሚሠራበት ክፍል አየሩ ይደርቃል፤ እንጨቱም እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል። የእኔ ቤዝ አንገት ወደ ኋላ ጎብጦ ነበር። የቤዝ አንገት ደግሞ ፍጹም ቀጥ እንዲል አይፈለግም። ወፍራም ክር ሲመታ በሰፊው ስለሚወዛወዝ፣ መወዛወዣ እንዲያገኝ አንገቱ በጥቂቱ ወደ ፊት መጉበጥ አለበት። ጋሼ ካፖ በሚባለው መቆንጠጫ ክሩን የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ያዙ፤ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ደግሞ ክሩን በጣታቸው ተጫኑ። 7ኛውና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መኖር ነበረበት፤ ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቷል።

አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አለ፤ የክሮቹን ጉተታ የሚቋቋመው እርሱ ነው። ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሲላላ ክሮቹ አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል። መፍቻውን ሰጥተውኝ ሩብ ዙር ብቻ እንዳላላው አዘዙኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከአገሬ ያመጣሁትን ብቸኛ ነገር የምሰብረው መሰለኝ። አንድ ሩብ ዙር፣ እንደገና መቃኘት፣ መለካት፣ ሌላ ግማሽ ሩብ። ክፍተቱ ታየ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብሪጁ የተመለስነው። 17ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ 4 ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ወደ 2.4 አወረድነው፤ ቀጭኑን ደግሞ ወደ 2። ክሩን ጠንክሮ የሚመታ ሰው ትንሽ ከፍ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ለእኔ ግን ይህ ልክ ሆነ። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነን የምናገኘውን ድምፅ ከሃርሞኒኩ፣ ማለትም እዚያው ላይ ክሩን ሳንጫን በስሱ ነክተን ከምናወጣው ድምፅ፣ ጋር አስተያየን፤ ተጭነን ያገኘነው ሲቀጥን የክሩን መደገፊያ ወደ ኋላ፣ ሲወፍር ወደ ፊት አንቀሳቀስን። ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ልፋት ነው፤ አንገቱ ሳይስተካከል የተለካ ከፍታ አንገቱ ሲነካ ይለወጣልና።

የዚያን ሌሊት ጓደኞቼ ተኝተው ሳለ በጨለማው ውስጥ ከ1ኛው ፍሬት ጀምሬ አንድ በአንድ ወጣሁ። አንዱም አልተንጨረጨረም።

አሁን ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አለ። አየሩ በተለወጠ ቁጥር ቀኑን፣ ክፍተቱንና ከፍታውን እጽፍበታለሁ። ሙቀቱ ሲመጣ ክሮቹ ከፍ ብለው አገኘኋቸው፤ መፍቻውን አውጥቼ ሩብ ዙር አጠበቅሁ።