ማዕበሉ ሌሊት ረገፈ

ባሕርን በዓይኔ ያየሁት ከተሰደድሁ በኋላ ነው። ሥራ ባላገኘሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀኑን የምገፋው በዳርቻው ላይ በመመላለስ ነበር፤ እጄ ደግሞ ባዶውን መመለስ አይወድም። ዛሬ የጠርሙስ ስባሪ፣ ነገ የተቆረጠ የዓሣ አጥማጅ ገመድ፣ ከነገ ወዲያ ውኃ ልሶ ያለሰለሰው የእንጨት ጉማጅ። አብሮኝ የሚኖረው ወዳጄ «አንተ ሰው፣ ቤቱን ቆሻሻ መጣያ አደረግኸው እኮ!» እያለ ይስቅ ነበር። በጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ ሲሠራ የኖረው ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ቆርኪ በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚያህል ሥራ እንደሚሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ለዕድሜ ልክ ሥራው ሽልማት እንደተሰጠው ነገርሁት። «አንተን እስኪሸልሙህ ድረስ ኮሪደሩን ልቀቅልን» አለኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ማዕበል ነበር። ስባሪዎቹን ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ነጭ እያስከተልሁ ጣውላ ላይ ለጠፍሁ፤ ነጭ ገመድ ፈትቼ አረፋ አስመሰልሁለት። ግድግዳ ላይ ሰቅዬው በኩራት ተኛሁ። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ጣ! አለ። ጥቂት ቆይቶ ጣ፣ ጣ። ማዕበሌ አንድ በአንድ ይረግፍ ነበር፤ ወዳጄ ከብርድ ልብሱ ሥር ሲንፈቀፈቅ ይሰማኛል።

ጥፋቱ የእኔ ችኮላ ነው። ከባሕር የወጣ ነገር ደርቆ ቢታይም ጨው አለበት፤ ጨው የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ ሙጫም በደንብ አይዝበትም። እኔ ሳላጥብ ለጥፌ ነበር፤ ያውም እያቀለጡ በሚያንጠባጥቡት ሙጫ። እርሱ ለወረቀትና ለጨርቅ እንጂ ለለስላሳ ብርጭቆ አይሆንም፤ ብርድ ሲነካው ይላቀቃል። አሁን ስባሪውን በሳሙና አጥባለሁ፣ እንጨቱን ውኃ እየቀያየርሁ ለቀናት እዘፈዝፋለሁ፤ ከዚያ ጥላ ሥር ነው የማደርቀው፣ ፀሐይ ላይ ቢቸኩሉበት ይሰነጠቃልና። ለብርጭቆው ሲሊኮን የተባለውን ማጣበቂያ እጠቀማለሁ። ከዚያ ወዲህ የረገፈ የለም።

ዛጎል ላይም ተምሬያለሁ። አንድ ቀን ያመጣሁት ዛጎል ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመረ! ለካ ሸርጣን ቤት አድርጎታል። በሩጫ መለስሁት። አሁን ባዶውንም ቢሆን እዚያው እተወዋለሁ፤ ቤት ፈላጊ አይጠፋም።

ሥራዎቼን የሚያዩ ሰዎች «አንተም እንደዚህ እንጨት ማዕበል ያመጣህ ነህ» ይሉኛል። አባባሉን አልወደውም። እንጨቱን ማንም የመኖሪያ ወረቀት አልጠየቀውም።

ከሁሉ የምወደው ብርጭቆውን ነው። አሸዋና ሞገድ ስለቱን አጥፍተው ላዩን ጭጋግ እስኪያለብሱት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አስርት ዓመታት ይፈጃል። ነጩ፣ ቡናማውና አረንጓዴው ሞልቷል፤ ሰማያዊ ግን ብርቅ ነው፣ ቀዩማ አይነሣ።

ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ከሥራ ሲገባ ኪሱን ዳብሶ አንዲት ሰማያዊ ስባሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምንም አልተናገረም። አንሥቼ ጠርዟን በአውራ ጣቴ ዳሰስሁ፤ ስል ናት፣ እንደ መስታወት ታብለጨልጫለች።

«ገና አልበሰለችም» አልሁት።

«ታዲያ ስንት ዓመት ልጠብቅ?» ብሎ ተቆጣ።